የሥራ ቅነሳ ሲያጋጥም፦ ሠራተኛው ሊያውቀው የሚገባ መብትና ክፍያ



ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር አንድ የቁምስናችን አባወራ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው በፌስታል ጠቅልለው የያዙትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልን። በአንድ ፋብሪካ 11 ዓመት በማሽን ኦፕሬተርነት አገልግለዋል። ፋብሪካው በጥቅምት ወር «በገበያ መቀዛቀዝ ምክንያት» ከሦስት መቶ ያህል ሠራተኞቹ አርባውን ሲያሰናብት እርሳቸውም ከአርባዎቹ አንዱ ሆኑ። የሁለት ወር ደመወዝ፣ ማለትም 9,000 ብር፣ ተቀብለውና ፈርመው ወጡ። የክፍል ኃላፊው እስከ በር ሸኝቷቸው፣ «ሥራው ሲያንሰራራ በመጀመሪያ የምንጠራው እርስዎን ነው» ስላላቸው ስምንት ወር ሙሉ ስልካቸውን ሲጠብቁ ቆዩ። ወደ እኛ የመጡትም ማንንም ለመክሰስ አልነበረም፤ ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ከቁምስናው የበጎ አድራጎት ሣጥን ጥቂት ርዳታ ለመለመን ነበር።

ወረቀቶቹን የቁምስናችን አባል ከሆነ አንድ የሕግ ባለሙያ ጋር አንድ በአንድ ስንመለከት፣ ርዳታ ሊለምኑ የመጡት ሰው ከአሠሪያቸው 28,500 ብር የሚቀራቸው ሰው ሆነው አገኘናቸው። የተቀበሉት 9,000 ብር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ ብቻ ነበር። የስንብት ክፍያ የሚባል ነገር መኖሩን እርሳቸው አልጠየቁም፤ የነገራቸውም አልነበረም። ስለዚህ ነው በዚህ እትማችን፣ ዘወትር ከምናቀርባቸው ትምህርቶች ለየት ባለ መልኩ፣ ስለ ሥራ ቅነሳና ስለ ሠራተኛው መብት ለመጻፍ የተነሣነው። እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም፤ ይሁን እንጂ ሕጉ በአማርኛ የተጻፈና ማንኛውም ማንበብ የሚችል ሰው ሊረዳው የሚችል ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አለመሆኑን አንባብያን ያውቁታል። ዕድሜያቸው የገፋ ወገኖቻችን የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል ሲዛወሩ «ተቀናሽ» የሚለው ቃል በየቤቱ እንዴት ይፈራ እንደነበረ ያስታውሳሉ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ፣ እንደ ሐዋሳ ባሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልብስ ሲሰፉ የነበሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ወደየመጡበት ገጠር ተመለሱ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆምና የልማት ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራውን ሲያበቃ፣ ነርሶች፣ ሹፌሮች፣ የሂሳብ ሠራተኞችና የመስክ ባለሙያዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደብዳቤ ደረሳቸው። ከእነዚህም መካከል በቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች ይሠሩ የነበሩ ይገኙባቸዋል። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል መድን የለም። ስለዚህ የስንብት ክፍያ ለአንድ ቤተሰብ እስከሚቀጥለው ሥራ ድረስ ያለችው ብቸኛ ድልድይ ናት።

ሕጉ ምን ይላል?

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከእርሱ በፊት አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ ከዚያም በፊት አዋጅ ቁጥር 42/1985 ነበሩ። ብዙ ሰዎች፣ አንዳንድ የአስተዳደር ኃላፊዎችም ጭምር፣ እስከ ዛሬ በአሮጌው ሕግ ሲሟገቱ እንሰማለን። ለምሳሌ የሙከራ ጊዜ ቀድሞ 45 ቀን ነበር፤ አሁን 60 የሥራ ቀን ነው። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ዕረፍት ቀድሞ 14 የሥራ ቀን ነበር፤ አሁን 16 ነው።

አዋጁ ሁሉንም ሰው አይሸፍንም። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ነው። የሥራ መሪዎች፣ ማለትም በአሠሪው ስም የመቅጠርና የማባረር ሥልጣን ያላቸው፣ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። በየቤታችን የሚያገለግሉ የቤት ሠራተኞችም በዚህ አዋጅ አልታቀፉም፤ ይህን ስንጽፍ እኛም በየቤታችን የምናደርገውን ማሰብ ይገባናል እንላለን፤ ሕግ ያልጠበቃትን ልጅ በማግስቱ ባዶ እጇን የሚያሰናብት ክርስቲያን ስለ ፋብሪካ ባለቤቶች ግፍ ለመናገር አፉ ሊይዘው ይገባል።

አሠሪ ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ የሥራ ሁኔታ የመነጨ መሆን አለበት። የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን፣ ቅሬታ ማቅረብ ወይም ምስክር መሆን፣ ዘር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ እርግዝና፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ እነዚህ ሁሉ ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም። የሥራ ቅነሳ የሚመነጨው ከድርጅቱ ሁኔታ ነው። በአንቀጽ 28 እንደተዘረዘረው፣ ሥራው በከፊል ወይም በሙሉ በቀጥታና ለዘለቄታው ሲቆም፣ የድርጅቱ ምርት ወይም አገልግሎት ተፈላጊነት ቀንሶ ሥራው ወይም ትርፉ ሲያንስ፣ ወይም ምርታማነትን ለማሳደግ ሲባል የአሠራር ዘዴ ሲለወጥ ወይም አዲስ ማሽን ሲገባ አሠሪው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ሕጉ አሠሪው በኪሣራ እንዲሠራ አያስገድደውም፤ ይህንን መካድ አይገባም። የድርጅቱ ባለቤት መለወጡ ብቻውን ግን የሥራ ውልን አያቋርጥም፤ አዲሱ ባለቤት ሠራተኛውን ከነአገልግሎት ዘመኑ ይረከባል።

ይህ ቅነሳ በአንቀጽ 29 ትርጉም «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚባለው፣ ቢያንስ 10 ቀን ባላነሰ ተከታታይ ጊዜ ውስጥ ከድርጅቱ ሠራተኞች 10 በመቶ የሚሆኑትን፣ ወይም የሠራተኞቹ ቁጥር ከ20 እስከ 50 በሆነ ድርጅት ቢያንስ 5 ሠራተኞችን የሚነካ ሲሆን ነው። ቁጥሩ የሚታየው ከእርምጃው በፊት በነበሩት 12 ወራት በአማካይ በነበሩት ሠራተኞች ልክ ነው። ይህ ደረቅ የሂሳብ ነገር ቢመስልም ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ምክንያቱም ከቁጥሩ በላይ ከሆነ ሠራተኛው ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፣ አሠሪውም ማንን እንደሚያስቀር በፈቀደው ብቻ ሊወስን አይችልም። ከሦስት መቶ አርባ ሲቀነስ 13 በመቶ ገደማ ስለሆነ ያ አባወራ በዚህ ትርጉም ውስጥ ይገባሉ።

አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። በሥራ ላይ እንዲቆዩ ቅድሚያ የሚሰጠው ችሎታና ከፍ ያለ የምርት ውጤት ላላቸው ነው። በችሎታና በውጤት እኩል የሆኑ ሲገኙ ግን በድርጅቱ አጭር አገልግሎት ያለው አስቀድሞ ይቀነሳል፤ ከዚያም የሚጦራቸው ቤተሰቦች ያነሱት ሰው ይከተላል። በዚያው ድርጅት በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኞች ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች በመጨረሻ ከሚነኩት ናቸው። ሕግ አውጪው የልጅ ቁጥርንና የአገልግሎት ዘመንን በሚዛን ላይ ማስቀመጡ ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በተግባር ግን ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሕጉ ክፍል ይመስለናል። አራት ልጆች ያሉት የ11 ዓመት ሠራተኛ ወጥቶ፣ በዚያው ማሽን ላይ በዚያው ውጤት የሚሠራ የሁለት ዓመት ሠራተኛ ከቀረ፣ የወጣው ሰው ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ለመከራከር መነሻ አለው።

ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው ከተባለ ፍርድ ቤት ሠራተኛው ወደ ሥራው እንዲመለስ ሊያዝ ይችላል። ካልተመለሰም፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ከሆነ፣ ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ካሣና የማስጠንቀቂያ ጊዜው ደመወዝ ይከፈለዋል።

ስለ ማስጠንቀቂያ

ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽም ይገባዋል። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ አገልግሎቱ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ አንድ ወር፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር ነው። በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ለሚሰናበት ግን የአገልግሎቱ ዘመን ምንም ያህል ይሁን ሁለት ወር ነው። ስለዚህ ያ አባወራ ሦስት ወር ይገባኝ ነበር ቢሉ ልክ አይሆኑም ነበር፤ በዚህ ረገድ አሠሪያቸው በትክክል ከፍሏል። ሕጉን ስንማር የሚገባንን ብቻ ሳይሆን የማይገባንንም እንማራለን።

የክፍያው ስሌት

የስንብት ክፍያ በአንቀጽ 39 እና 40 ተደንግጓል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ድርጅቱ በመክሠር ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ፣ ከሕግ ውጭ ሲሰናበት ወይም በሕጉ መሠረት ሲቀነስ የስንብት ክፍያ የማግኘት መብት አለው። ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፤ እነዚህ ግን ለርእሳችን ይበቃሉ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት፣ የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈላል፤ በአጭሩ የአንድ ወር ደመወዝ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ ሊበልጥ አይችልም። አንድ ሰው ወደዚህ ጣሪያ ለመድረስ በአንድ ቤት 34 ዓመት ማገልገል ስላለበት፣ ጣሪያው የሚነካቸው ጥቂቶች ናቸው። ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ወይም በአንቀጽ 29 በተገለጸው የሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ውሉ የተቋረጠ ከሆነ ደግሞ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ የቀን ደመወዙ 60 እጥፍ ይጨመራል።

የእኚህን አባወራ ሂሳብ እንመልከት። የወር ደመወዛቸው 4,500 ብር ነበር፤ በ30 ሲካፈል በቀን 150 ብር ይሆናል። ለመጀመሪያው ዓመት 4,500 ብር። ለቀሩት አሥር ዓመታት የ4,500 አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 1,500 ብር፣ በ10 ሲባዛ 15,000 ብር። ድምሩ 19,500 ብር። በቅነሳ ስለወጡ 150 ብር በ60 ሲባዛ 9,000 ብር። በጠቅላላው 28,500 ብር። ይህ ከማስጠንቀቂያው 9,000 ብር የተለየ ነው። እዚህ ላይ ያንን ፌስታል ያየ ሰው ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይረዳል፤ ሁለቱም 9,000 ስለሆኑ ሰውየው «ያ ሁሉ ክፍያ ይኸው ነው» ብለው አምነው ነበር።

ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ካለ በገንዘብ ተለውጦ ይከፈላል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። ከነዚህ ክፍያዎች ላይ የሥራ ግብር ይቀነሳል፤ ስለዚህ በእጅ የሚገባው ገንዘብ ከስሌቱ ቢያንስ ወዲያው ተጭበረበርሁ ማለት አያስፈልግም፤ ዝርዝሩን መጠየቅ ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በሕጉ «ደመወዝ» የሚባለው መደበኛው ክፍያ ብቻ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ የውሎ አበል፣ የመጓጓዣ፣ ቦነስና ኮሚሽን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም። በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች እንደሚደረገው መነሻ ደመወዙ ትንሽ ሆኖ በአበልና በማትጊያ ለሚሞላላቸው እኅቶቻችን፣ በየወሩ በእጃቸው ሲገባ የነበረውን ገንዘብ ይዘው ቢያሰሉ ተስፋቸው ከሚከፈላቸው ይበልጣል። ወደፊት ሥራ ስትቀጠሩ «ጠቅላላው ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ደመወዙ ስንት ነው፣ አበሉስ?» ብላችሁ መጠየቅን ልማድ አድርጉ።

በፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። አንዳንድ አሠሪዎች ቅነሳውን በቅነሳ ስም አያደርጉትም። ሠራተኛውን ለብቻው ጠርተው፣ «ስምህ በቅነሳ ዝርዝር ከሚወጣ በፈቃድህ ብትለቅ ለሚቀጥለው ሥራህ ይበጅሃል፤ ጥሩ የሥራ ልምድ እንጽፍልሃለን» ይሉታል። ሠራተኛውም ስሙን ለመጠበቅ ሲል ይፈርማል።

በፈቃዱ የለቀቀ ሰው የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት ነው። አራት ዓመት ተኩል ያገለገለች ወጣት በቅነሳ ብትወጣ የስንብት ክፍያዋን ከ60 ቀኑ ጋር ታገኝ ነበር፤ በዚያ አንድ ወረቀት ግን ሁለቱንም ታጣለች። አምስት ዓመት የሞላውም ቢሆን የ60 ቀኑ ተጨማሪና የማስጠንቀቂያው ደመወዝ ይቀሩበታል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ውለታ አይደለም። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት በሕግ የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ ማንም የራሱን መብት በራሱ መብት አይግዛ። «ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ አንብቤ ነገ እመልሳለሁ» ማለት አክብሮት የጎደለው ንግግር አይደለም።

ሌላው መንገድ «ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ» የሚለው ነው። ሕጉ ይህንንም ያውቀዋል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም ባልታሰበ የገንዘብ ችግር ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቋረጥ ከሆነ የሥራ ውል ሊታገድ ይችላል። ሆኖም አሠሪው ለሚመለከተው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ለአንድ ዓመት «ለጊዜው» ቤቱ የተቀመጠ ሠራተኛ ካለ፣ ያ እገዳ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

በፕሮጀክት የተቀጠሩ ወገኖች በመጀመሪያ የራሳቸውን ውል ያንብቡ። ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ጊዜው ሲደርስ ማብቃቱ ከቅነሳ የተለየ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ገንዘብ ቆመ ተብሎ ሲቋረጥ ግን ነገሩ ሌላ ስለሆነ የሕግ ምክር መጠየቅ ይገባል።

ክፍያው መቼ ይከፈላል? ጥያቄውስ እስከ መቼ ይቀርባል?

ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች ሊከፈሉ ይገባል። ሠራተኛው የተረከበውን ንብረት ሳይመልስ በራሱ ጥፋት ካዘገየ ጊዜው ይራዘማል፤ ስለዚህ ክሊራንሱን ቶሎ መጨረስ ይጠቅማል። በሂሳቡ ላይ ክርክር ቢነሣ አሠሪው ያመነውን ያህል በዚያው ጊዜ መክፈል አለበት፤ ሁሉንም ይዞ መቆየት አይችልም። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የቀን ሠራተኛ ሂሳብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ማዘዙን ስናስብ፣ ሰባት ቀን ለአሠሪ ከበቂ በላይ ይመስለናል። ድርጅቱ ከሥሮ ንብረቱ ለዕዳ ከሆነም ሠራተኛው ከሥራ ግንኙነቱ የሚመነጨው ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው።

እጅግ የሚያሳዝነው ክፍል የይርጋው ጉዳይ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የስንብት ክፍያና ከውሉ መቋረጥ የሚመነጩ ሌሎች የክፍያ ጥያቄዎች ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለባቸው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያም ሊከፈል ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይታገዳል። የእኛ ሰው ታጋሽ ነው፤ ይሉኝታም አለበት። አለቃውን እንዳያስቀይም፣ ነገም ይጠራኛል ብሎ ተስፋ ስለሚያደርግ ይጠብቃል። ስድስት ወር ደግሞ ከመስቀል እስከ ፋሲካ እንኳ አይደርስም።

ይርጋውን የሚያቋርጡ ነገሮች አሉ። ለሥራ ክርክር ሰሚ ወይም ሕጉን ለሚያስፈጽመው የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ አንዱ ነው። ሌላው አሠሪው የሠራተኛውን መብት በግልጽ ማመኑ ነው። በበር ላይ የተነገረ የተስፋ ቃል ግን ማስረጃ ሊሆን ይቅርና ተናጋሪውም በማግስቱ አያስታውሰውም። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቀን አስመቱ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። የግል የሥራ ክርክር የሚቀርበው በየአካባቢው ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የሠራተኛ ማኅበር ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞች አስቀድመው ማኅበራቸውን ይጠይቁ፤ የኅብረት ስምምነቱ ከአዋጁ የተሻለ ክፍያ የሚሰጥበት ጊዜ አለና።

ስለ ጡረታም አንድ ቃል። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ከአንድ ድርጅት ወጥቶ በሌላ ሲቀጠር አገልግሎቱ ይደመራል እንጂ አይጠፋም። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ፤ የተቀነሰባችሁ ገንዘብ ገቢ መደረጉንም ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ስለ ራሳችን ቤት

ቤተ ክርስቲያን ስለ ሠራተኛ መብት መናገር የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ስለ ፍትሐዊ ደመወዝና ስለ ሠራተኞች ማኅበር አስተምረዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው ሥራ ላጡ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው መተዳደሪያ የሚሆን ርዳታ መስጠት ግዴታ መሆኑን ገልጸዋል። በ2017 ዓ.ም. የተመረጡት ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛም ስማቸውን የመረጡት በተለይ የሊዮ 13ኛን ትምህርት በማሰብ መሆኑን ተናግረዋል።

እንግዲህ ይህን የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን በትምህርት ቤቶቿ፣ በክሊኒኮቿና በልማት ጽሕፈት ቤቶቿ አሠሪም ናት። ለጋሹ ገንዘቡን ሲያቆም እኛም ሰዎችን ማሰናበታችን አይቀርም። በዚያን ጊዜ «ይህ የበጎ አድራጎት ሥራ ነው፤ ሠራተኛውም ለእግዚአብሔር ብሎ ነው የሠራው» ማለት ከባድ ስሕተት ነው። የስንብት ክፍያ በየዓመቱ በበጀት ውስጥ ተይዞ ሊጠራቀም ይገባል እንጂ፣ ፕሮጀክቱ በተዘጋ ቀን የሚፈለግ ገንዘብ መሆን የለበትም። በጀት የምታዘጋጁ የሥራ ኃላፊዎች ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ብታነብቡት ደስ ይለናል።

ወደ አባወራው እንመለስ። ወደ ሥራ የመመለሱ ጥያቄ ሦስት ወሩ አልፎታልና አበቃ። ስድስት ወሩም አልፎ ስለነበር የሕግ ባለሙያው ወረቀቱን እየሰበሰበ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ከፌስታሉ ግርጌ ለአራት የታጠፈች አንዲት ደብዳቤ ወደቀች። የየካቲት ወር ደብዳቤ ናት፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲጠይቁ ከፋብሪካው የተሰጠቻቸው። ከሥር «የስንብት ክፍያዎን በተመለከተ ሂሳብ ክፍል እያጣራው ስለሆነ ሲጠናቀቅ እናሳውቅዎታለን» የሚል መስመር፣ ፊርማና ማኅተም አለባት። ሰውየው መስመሩን አንብበውታል፤ ግን ትርጉሙ አልገባቸውም ነበር። ባለሙያው እንዳለን፣ አሠሪው መብቱን በዚህ ደብዳቤ አምኗል ተብሎ ከተወሰደ ስድስቱ ወር ከየካቲት ጀምሮ እንደገና ይቆጠራል። ክሱ በዚያው በሰኔ ወር መጨረሻ ለሥራ ክርክር ችሎት ቀረበ። ይህ እትም ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ጉዳዩ ገና ውሳኔ አላገኘም፤ የልጆቹን የመጀመሪያ ወር የትምህርት ቤት ክፍያ ግን የቁምስናው ሣጥን ከፍሏል።